የጌም ኮምፒውተራችንን ራሳችን ገጠምነው፤ ከ14 ወር በኋላ የምለው

ከታናሽ ወንድሜ ጋር የገጠምነው የጌም ኮምፒውተር ሥራ ከጀመረ 14 ወር ሞላው። በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አሞግሼ እጨርስ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ሁሉ ዓይን ይሞላልና። አሁን ግን በየቀኑ ስንገለገልበት ቆይተናል። የትኛው ክፍል የወጣበትን ገንዘብ እንደካሰ፣ የትኛው ላይ ሳያስፈልግ እንዳወጣን፣ የትኛው ላይ ደግሞ ቆጥበን እንደተጎዳን ለይቼ አውቀዋለሁ። በትንሽ በጀት ለመግጠም የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ውስጡ ያለው ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዱ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋባይት፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) ቢ550 ቺፕሴት ያለው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው አነስ ያለ መጠን፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 3200፣ ማከማቻው 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው) 550 ዋት ባለ ብሮንዝ። ኬዙ (ሣጥኑ) ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ መብራት የሌለው። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ 1080ፒ፣ 144 ኸርዝ።

ብዙ ሰው ክፍል መምረጥ የሚጀምረው ከፕሮሰሰር ነው። እኛም እንደዚያው ጀምረን ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ስንሽከረከር ከረምን። አንዱን ስንመርጥ ሌላው ትንሽ ቢጨመርበት የተሻለ ነው፤ እሱን ስንይዝ ቀጣዩ ደግሞ ትንሽ ቢጨመርበት ይበልጣል። "ትንሽ" እያልን የበጀታችን እጥፍ ላይ ደረስን። ነገሩ ፈር የያዘው ወረቀት አውጥተን ከሞኒተሩ ወደ ኋላ መቁጠር ስንጀምር ነው።

ግራፊክስ ካርድ የሚደክመው በሚስለው ነጥብ ብዛት ልክ ነው። 1080ፒ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ወደ 2.1 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ 4ኬ ደግሞ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ። ይህ ሁሉ ነጥብ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ 100 ጊዜ እንደ አዲስ ይሳላል። 4ኬ ሞኒተር ገዝቶ በአነስተኛ ካርድ ማጫወት ካርዱን አራት እጥፍ ማሸከም ማለት ነው። እኛ 1080ፒ ላይ ቆረጥን፤ ከቆረጥን በኋላ የቀረው ምርጫ በራሱ ጠበበልን። 24 ኢንች ላይ በክንድ ርቀት ተቀምጬ ሳየው ፊደሉም ምስሉም ጥርት ያለ ነው።

በነጥብ ብዛት የቀነስነውን በፍጥነት ተካነው። 60 ኸርዝ ስክሪን አዲስ ምስል የሚያሳየው በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ ነው፤ 144 ኸርዝ በየ6.9 ሚሊሴኮንዱ። ሲነበብ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ተኩስ ያለበት ጌም ውስጥ ማውሱን ወደ ግራ ወርወር አድርጎ ለሚዞር ሰው ግን ጠላቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ተቀላቅሎ አይደበዝዝም፤ ቅርጹን እንደያዘ ይታያል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሞኒተሩን ስንሰካ ዊንዶውስ 60 ላይ ነበር ያስቀመጠው። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን በእጃችን ወደ 144 ከፍ አደረግነው። ይህን ሳያደርጉ ለወራት የሚጫወቱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የከፈሉበትን ነገር ሳያዩት መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ። ከሞኒተሩ ውጭ ካወጣነው ገንዘብ 40 በመቶ የሚሆነውን የወሰደው እሱ ነው፤ ዛሬም ብገዛ ከዚያ አላሳንስበትም። ጌም ሲጫወቱ ዓይን የሚያየውን የሚሠራው ይህ ክፍል ነው። አርኤክስ 6600 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣ ካርድ ነው። የወደድኩለት አንዱ ነገር ጉልበቱ ሳይሆን ቁጥብነቱ ነው፦ 132 ዋት ብቻ የሚጠይቅ፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል የሚበቃው ነው። ትንሽ ሙቀት ማለት ትንሽ ድምፅ ነው፤ ትልቅ ፓወር ሰፕላይም አያስገዛም። 1080ፒ ላይ ከባድ የሚባሉ ጌሞችን የምስል ጥራታቸውን "ሃይ" ላይ አድርገን በሴኮንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ እንጫወታለን፤ ቀለል ያሉት የውድድር ጌሞች ደግሞ ሴቲንጉ ዝቅ ሲል 144ቱን ይሞላሉ።

ከእሱ በታች አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነበር፤ ወንድሜ በዋጋው ተማርኮ ሊያነሳው ነበር። ዝርዝሩን ሳነብለት ተወው። ማህደረ ትውስታው 4 ጊጋባይት ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረውም በአራት መስመር ብቻ ነው። ማህደረ ትውስታው ሲሞላ ካርዱ ከዋናው ራም መበደር ይጀምራል፤ መበደሪያው መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። ፒሲአይኢ 3 (ካርድና ማዘርቦርድ የሚነጋገሩበት መንገድ የቀድሞው ትውልድ) ያለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ያ ጠባብ መንገድ በግማሽ ይቀንሳል። አሮጌ ኮምፒውተሩን በርካሽ ካርድ ሊያድስ የሚፈልግ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ከበላዩ ያለው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ነበር። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነተኛው አስልቶ መሳል) ላይ ከእኛው ይበልጣል፤ ዲኤልኤስኤስ (በትንሽ ነጥብ የተሳለን ምስል የሚያሳድግ ዘዴ) አለው፤ ማህደረ ትውስታውም ሰፊ ነው። ያን ያህል ግን አልነበረንም። የእኛው ካርድ ድክመት ታዲያ የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሰፊ ዓለም ያለው ጌም ላይ የቴክስቸሩን (የነገሮችን ገጽ የሚያለብሰውን ምስል) ሴቲንግ መጨረሻ ላይ አድርጌው ነበር። ወደ አንድ መንደር ስገባ የቤቶቹ ግድግዳ መጀመሪያ እንደ ጭቃ ልሙጥ ሆኖ ይታያል፤ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ጡቡ ብቅ ይላል፤ በመሐል ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። 8 ጊጋባይቱ ሞልቶ ነው። ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ሳደርገው ጠፋ። ሬይ ትሬሲንግን ከነጭራሹ አጥፍተነዋል፤ ይህ ካርድ ለዚያ አልተሠራም።

ያገለገለ ካርድም አይተን ነበር። ያገለገለ መግዛት ክፉ አይደለም፤ ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው አንዳንዴ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ነገር ግን ከባድ ጌም ተከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ሳላይ ገንዘብ አልቆጥርም። አንድ ሻጭ "ዴስክቶፑን ካሳየ ይሠራል ማለት ነው" ብሎ አሻፈረኝ አለን። ዴስክቶፕ ለማሳየት ካርዱ ምንም አይደክምም፤ ችግር ካለበት የሚታወቀው ሲግል ነው። ትተን ወጣን፤ አልተጸጸትኩም።

ፕሮሰሰሩ ላይ ከወንድሜ ጋር ተከራክረናል። እሱ ባለ 8 ኮሩን (ኮር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው) ፈለገ፤ እኔ ባለ 6 ኮሩ ይበቃል አልኩ። ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው ሥራ ብዛት)፣ 32 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ያለው፣ 65 ዋት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኩለሩም (ማቀዝቀዣው) አብሮት በካርቶኑ ይመጣል። ከእሱ በታች ያለው 5500 በስም አንድ መቶ ቁጥር ብቻ ያነሰ ይመስላል፤ ካሹ ግን ግማሽ ነው፣ ፒሲአይኢውም 3 ላይ የቀረ ነው። ጌም ደግሞ ካሽ ይወዳል። ክርክራችንን የፈታው ልኬት ነው፦ ከባድ ጌም ተከፍቶ ሳለ ግራፊክስ ካርዱ 98 በመቶ ላይ ተጠምዷል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ 8 ኮሩን ብንገዛ ኖሮ ተጨማሪው ገንዘብ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

ስለ ኩለሩ እውነቱን ልናገር። ያቀዘቅዛል፤ ከእሱ የሚጠበቀውን ያደርጋል። ድምፁ ግን ደስ አይልም። ወንድሜ ሄድፎን ስለሚያደርግ አይሰማውም፤ እኔ ማታ አጠገቡ ሳነብ ፋኑ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ትኩረቴን ይሰርቀኛል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ፋኑ ለእያንዳንዷ የሙቀት ለውጥ እንዳይደነግጥ ቀስ እያለ እንዲጨምር አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲህ ይቻላል። ሲገጠም ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማዘርቦርዱን ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች ሲፈቱ ከጀርባ ያለው ብረት ይለቃል፤ አንድ ሰው ከሥር በእጁ ደግፎ ካልያዘው ብሎኑ የሚነክሰው ነገር ያጣል። ለሁለት የመግጠም ጥቅሙ ለእኔ የታየኝ እዚያ ላይ ነው።

ገጥመን ጨርሰን ስንከፍተው ወንድሜ፣ "እታለም፣ ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው" አለኝ። ልቤ ወረደ። ሁሉንም ደግመን ነካካን። ችግሩ የሞኒተሩ ኬብል ነበር፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ ሰክተነዋል። 5600 በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ስለዚህ ያ ቀዳዳ ባዶ ነው። ኬብሉን ዝቅ አድርገን ካርዱ ላይ ስንሰካው የባዮሱ ምስል ብቅ አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ወንድሜ ወንበሩን ገፍቶ ተነሥቶ አቀፈኝ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። ፓወር ሰፕላዩን መጀመሪያ አልገዛንም ነበር። ከአሮጌው ኮምፒውተር የወጣ ነበረን፤ ጎኑ ላይ በትልቁ 600 ዋት ይላል፤ ለምን እንገዛለን አልን። በሦስተኛው ሳምንት ከባድ ጌም በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋ ጀመር። ምንም የስህተት መልእክት የለም፣ መብራት እንደጠፋ ያህል ነው። ወንድሜ ግራፊክስ ካርዱን ጠረጠረ፤ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አጥፍተን ጫንን፣ ዊንዶውስን ራሱ እንደ አዲስ ጫንን። በመጨረሻ አንድ ማታ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ጣልኩት።

በማግሥቱ አውጥቼ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በባትሪ ብርሃን አነበብኩት። ትልቁ ፊደል 600 ይላል። ከሥሩ ያለው ትንሹ ሠንጠረዥ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፔር ብቻ እንደሆነ ይናገራል። 12 ሲባዛ በ25፣ 300 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው፤ የቀረው ቁጥር በሌሎቹ መስመሮች ላይ የተደመረ፣ ለእኛ የማይጠቅም ነው። በዚያ ላይ ዕቃው ያረጀ ነበር። ፓወር ሰፕላይ ሲሞት አንዳንዴ ከእሱ ጋር የተገናኘውን ይዞ ይሄዳል፤ ካርዱና ማዘርቦርዱ መትረፋቸውን ሳስብ ዛሬም አመሰግናለሁ። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ያን ትንሽ ሠንጠረዥ አንብቡ። ከምንም በፊት የምለምነው ይህን ነው።

አዲሱ 550 ዋት ነው፤ የእኛ ኮምፒውተር ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶም 300 ዋት አይደርስም። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 76፣ የቀረው ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን ነው። 750 እና 850 ዋት ግዙ የሚል ምክር ለትልቅ ካርድ ነው እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ውኃ አያነሳም። "80 ፕላስ ብሮንዝ" የሚለው ምልክትም የሚናገረው ስለ ብቃት ብቻ ነው፦ በግማሽ ጭነት ከግድግዳ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 85 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል። ጥሩ መከላከያ እንዳለው፣ ውስጡ በጥንቃቄ እንደተሠራ አይናገርም። እኛ የመረጥነው የአምስት ዓመት ዋስትና ያለውንና ሞዴሉን ገምጋሚዎች ፈትተው የመረመሩትን ነው። ኬብሎቹንም ልብ በሉ፦ የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ለሁለት አራት አራት ይከፈላል፣ የግራፊክስ ካርዱ ስድስትና ሁለት። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አልገባ ያለውን በኃይል አትግፉ።

ሌላው የተማርንበት ራሙ ነው፤ ይህኛው ግን ገንዘብ አላስወጣንም። ሁለቱን ራሞች ገዝተን ጎን ለጎን ሰካናቸው፤ ለዓይን ደስ ይላል። ስድስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ተጫወትን። ፍሬሙ አማካዩ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የበዛበት ቦታ ስንደርስ ይቆራረጣል። አንድ ቀን ታስክ ማናጀርን ከፍቼ የራሙን ገጽ ሳይ ፍጥነቱ 2133 ይላል። የገዛነው እኮ 3200 ነው! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ራም ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚሠራው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ሲበራ ነው፤ ካልበራ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሄዳል። ሌላም ስህተት ነበር። ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም አንድ መንገድ ይጋራሉ፤ ሁለተኛው መንገድ ባዶውን ይቀራል።

አንዱን ነቅዬ ቦታውን ቀየርኩ፣ ኤክስኤምፒውን አበራሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያው ጌም፣ ያው ገበያ መሐል፣ ያው ሰዓት ላይ ቆሜ ለካሁት። ዝቅተኛው ፍሬም 49 የነበረው 66 ሆነ። አማካዩ የጨመረው ትንሽ ነው፤ መቆራረጡ ግን ለቀቀ። ሰው የሚያየው ደግሞ መቆራረጡን ነው። አንድ ባለ 16 ከሚገዛ ሁለት ባለ 8 ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ግን ከሚገባው በላይ ያወጣን ይመስለኛል። ቢ550ን የመረጥነው ፒሲአይኢ 4 ስላለው ነው። አርኤክስ 6600 ስምንት መስመር ስለሚጠቀም ፒሲአይኢ 3 ያለው ቢ450 ላይም ቢሆን ብዙ አይጎድልበትም ነበር። ቢ450 ባዮሱ ካልታደሰ 5600ን አያውቀውም፤ ሻጩ አድሶ የሚሰጥ ከሆነ ወይም ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ የሚታደስበት ቁልፍ ካለው እሱን ገዝቼ ትርፉን ኤስኤስዲው ላይ እጨምር ነበር። ዋይፋይ የሌለውን መግዛታችንም አልጎዳንም፤ ኬብል ዘርግተናል፤ ኦንላይን ሲጫወቱ ከዋይፋይ ይልቅ ኬብሉ ይታመናል።

ኤስኤስዲው ላይ ብዙ የምለው የለም። ሳታ የሚባለው ዓይነት በሴኮንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነብባል፣ የእኛው ኤንቪኤምኢ ወደ 3500። ጌም ሲከፈት ግን ልዩነቱ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ትልቁ ልዩነት ያለው ከሃርድ ዲስክ ጋር ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ ስፋቱን ተመልከቱ፤ ዛሬ ከ100 ጊጋባይት የሚበልጡ ጌሞች ጥቂት አይደሉም፤ 500 ቢሆን ኖሮ አንዱን ለመጫን ሌላውን ስናጠፋ እንኖር ነበር።

ኬዙን ስንመርጥ ወንድሜ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነውን፣ ባለ ቀለም መብራቱን ወድዶ ነበር። ያምራል፤ አልዋሸሁም። አየር የሚገባበት ግን በጎን ያለች ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ናት። ወንፊቱን ወሰድን። አብረውት ከመጡት ሁለት ፋኖች አንዱ ከፊት ያስገባል፣ አንዱ ከኋላ ያስወጣል፤ ሁለት ሰዓት ከባድ ጌም ሲጫወትበት ካርዱ 70 ዲግሪ አያልፍም። ወንፊቱ አቧራ ይሰበስባል፤ በየሁለት ወሩ ነቅዬ በብሩሽ እጠርገዋለሁ።

ወደፊት ስለሚጨመረው ደግሞ። የእኛ ፕሮሰሰር የሚተከልበት ኤኤም4 ሶኬት ዕድሜው ገፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤኤም5 ወጥቷል፣ እሱም የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከአዲሱ ቢጀምር ቅር አይለኝም። እኛ ግን ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳንነካ 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን 5800ኤክስ3ዲ የሚባል ፕሮሰሰር እዚሁ ሶኬት ላይ መትከል እንችላለን። ለጊዜው አያስፈልገንም። በቅድሚያ የሚመጣው ራም ነው፦ አንደኛውና ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ናቸው፤ ወንድሜ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ባለ 8 ራሞች ለመግዛት ማጠራቀም ጀምሯል።